የእማማ ክኒን፣ የአይጥ መርዝና የሳንታ ሞኒካ ተራሮች ድመቶች

ባለፈው ሴሚስተር ፋርማኮሎጂ ስንማር አንድ የማይረባ ነገር አድርጌ ነበር። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝም እሱ ነው።

እማማ፣ ማለትም የእናቴ እናት፣ አብረውን ነው የሚኖሩት። ልጅ ሳሉ ጎንደር ውስጥ የያዛቸው የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ቀርቶ ቆይቶ የልባቸውን ቫልቭ ጎዳው። ይህ ሪውማቲክ የልብ ሕመም ይባላል፤ አገር ቤት ብዙ ወጣቶችን የሚጎዳ በሽታ ነው። እማማ እዚህ ከመጡ በኋላ በቀዶ ሕክምና ሰው ሠራሽ ቫልቭ ተተከለላቸው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በየማታው ዋርፋሪን የሚባል ክኒን ይወስዳሉ። በቤታችን ስሙ «ደም ማቅጠኛው» ነው።

አንድ እሑድ ቡና ተፈልቶ ተሰብስበን ሳለ፣ ከክፍል የሰማሁትን ለማውራት ቸኮልኩና «እማማ፣ ይሄ የሚወስዱት ክኒን እኮ ድሮ የአይጥ መርዝ ነበር!» አልኳቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ እኔም ልብ አላልኩም። ረቡዕ ማታ የክኒን ሳጥናቸውን ስከፍት የሰኞውና የማክሰኞው ሳይነኩ ተቀምጠዋል። ምነው ብላቸው፣ «ልጄ፣ ነርስ የምትሆኚው አንቺ ነሽ። መርዝ ነው ካልሽ እኔ እንዴት ብዬ ልዋጠው?» አሉኝ።

ሰው ሠራሽ ቫልቭ ያለው ሰው ይህን ክኒን ሲያቋርጥ ደሙ ቫልቩ ላይ ሊረጋ ይችላል። የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ያመጣል። ወዲያው ወደ ክሊኒካቸው ደወልን፤ የተባልነውን አደረግን፤ በማግስቱ ደማቸው ተለካ። ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ግን ብዙ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የተናገርኩት ውሸት አልነበረም፤ ግማሹን ብቻ ነበር የተናገርኩት። ሌላውን ግማሽ ለእማማ በደንብ ለማስረዳት ሳነብ ደግሞ፣ ከኮሌጃችን ጀርባ በሚታዩት ተራሮች ላይ አንዲት የዶክትሬት ተማሪ የሠራችው ጥናት ገጠመኝ። ትምህርቱ ለብዙዎቻችን ቤት የሚሆን ስለመሰለኝ እነሆ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የጀመረው ከከብት ነው። በ1920ዎቹ በካናዳና በሰሜን አሜሪካ ሜዳዎች ከብቶች ትንሽ ሲቆረጡ ደማቸው አልቆም እያለ ይሞቱ ነበር። የሚበሉት ስዊት ክሎቨር የሚባል ድርቆሽ ሲሻግት እንደሆነ ታወቀ፤ በውስጡ ያለው ነገር ምን እንደሆነ ግን አልታወቀም። በ1933 ክረምት አንድ የዊስኮንሲን ገበሬ የሞተች ጊደሩን፣ የሻገተ ድርቆሽና በወተት ጣሳ የማይረጋ ደም ጭኖ በበረዶ አውሎ ነፋስ ውስጥ እየነዳ ማዲሰን ከተማ ደረሰ፤ ካርል ፖል ሊንክ የሚባል የዩኒቨርሲቲ ኬሚስት ላቦራቶሪ ገባ። ሊንክና ተማሪዎቹ ስድስት ዓመት ለፉበት። በ1939 ከላቦራቶሪው ሰዎች አንዱ የሆነው ሃሮልድ ካምቤል ንጥረ ነገሩን ለይቶ አወጣው። ከዚያው ቤተሰብ ከተሠሩት ውህዶች መካከል በጣም ኃይለኛው በ1948 የአይጥ መርዝ ሆኖ ለገበያ ቀረበ። «ዋርፋሪን» የሚለው ስምም የጥናቱን ገንዘብ ከሰጠው የዊስኮንሲን የምሩቃን የምርምር ድርጅት ስም የመጀመሪያ ፊደላት የተወሰደ ነው። በ1954 ለሰው መድኃኒትነት ተፈቀደ። በ1955 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የልብ ድካም ሲይዛቸው ዋርፋሪን ወስደዋል። ይህቺን የመጨረሻዋን ስነግራቸው እማማ ትንሽ ፈታ አሉ።

እንዴት እንደሚሠራ ደግሞ በቡና ላስረዳችሁ፤ እማማም የገባቸው በዚህ ነው።

ጉበታችን ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖችን ይሠራል። ከነዚህ መካከል አራቱ (በክፍል ሁለት፣ ሰባት፣ ዘጠኝና ዐሥር እያልን በቁጥር የምንሸመድዳቸው) ያለ ቫይታሚን ኬ ሥራቸውን አይሠሩም። ቫይታሚን ኬን እንደ ሲኒ ቁጠሩት። ቤት ውስጥ ያሉት ሲኒዎች ጥቂት ናቸው፤ እንግዳው ብዙ ነው። አቦል ከተጠጣ በኋላ ሲኒው ታጥቦ ካልተመለሰ ቶና የሚቀዳበት አይኖርም። በጉበት ውስጥ ሲኒ የሚያጥብ ኢንዛይም አለ። ዋርፋሪን የሚያደርገው ያንን አጣቢ እጁን መያዝ ነው። ሲኒ አይሰበርም፣ ቡናውም አልተደፋም፤ ግን ንጹሕ ሲኒ እያነሰ ይሄዳል። አስቀድሞ የተቀዳው እስኪጠጣ ድረስ ማንም ልዩነቱን አያይም። ስለዚህ ነው የዋርፋሪን ሙሉ ውጤት ዛሬ ተውጦ ዛሬ የማይታየው፤ ቀናት ይፈጃል። አይጧም መርዙን በልታ ወዲያው አትሞትም። ለቀናት እየዞረች፣ እየደከመች፣ ደግማም እየበላች ትቆያለች። ይህንን ያዙልኝ፤ ተራራው ላይ ስንደርስ ያስፈልገናል።

ታዲያ በእማማና በአይጧ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? አንደኛው መጠኑ ነው። የእማማ መጠን በሚሊግራም ተለክቶ፣ ደማቸው አይ ኤን አር በሚባለው ምርመራ በየጊዜው እየታየ ከፍ ዝቅ ይደረጋል። የእሳቸው ግብ ከ2.5 እስከ 3.5 ነው። ሁለተኛው መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ነው። የዋርፋሪን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት በአማካይ 40 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ስሕተት ቢፈጠር ማረም ይቻላል።

የአይጥ መርዝ ሠሪዎች ግን በዚያ አልቆሙም። በ1950ዎቹ መጨረሻ ዋርፋሪን የማይገድላቸው አይጦች ተገኙ። ከዚያ በኋላ ሁለተኛ ትውልድ የሚባሉት መርዞች መጡ፤ ብሮዲፋኩም፣ ብሮማዲዮሎን፣ ዳይፌታይሎን የሚባሉት። የሚይዙት ያንኑ ሲኒ አጣቢ ነው፤ ነገር ግን አንዴ ከያዙት አይለቁትም። በጉበት ውስጥ ለወራት ይቆያሉ። አንድ ጊዜ የበላች አይጥ ትሞታለች፤ የሞተችውን ወይም የደከመችውን አይጥ የበላው እንስሳ ደግሞ መርዙን ተረክቦ ይሄዳል።

እንግዲህ ወደ ተራራው እንውጣ።

በሳንታ ሞኒካ ተራሮች ቦብካት የሚባል የዱር ድመት አለ። በአማርኛ ስሙን ፈልጌ አጣሁ፤ አባቴ «እንደ አነር ነዋ!» ብሎ ገላገለኝ። ጅራቱ አጭር ነው፤ አይጥና ጥንቸል እየበላ ይኖራል። የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት እነዚህን ድመቶች ከ1996 ጀምሮ እየያዘና እየለቀቀ ያጠናቸዋል። ከ2001 በኋላ ግን ክፉ እከክ ገባባቸው። ፀጉራቸው ረገፈ፣ ቆዳቸው ቅርፊት ሠራ፣ ከሱ፣ ሞቱም። እከክ በድመት ላይ አዲስ ነገር አይደለም፤ በዱር ድመቶች ላይ እንዲህ እንደ ወረርሽኝ መውረዱ ግን ግራ አጋባ። የሞቱት ሲመረመሩ ጉበታቸው ውስጥ የአይጥ መርዝ ተገኘ። በዚያው ጥናት ከተከታተሏቸው የተራራ አንበሶች ሁለቱ በቀጥታ በመርዙ ምክንያት ደም ፈሷቸው ሞተዋል። ቦብካቶቹ ግን አብዛኞቹ የሞቱት በመድማት ሳይሆን በእከክ ነበር።

ይህንን ጥያቄ ይዛ የገባችው ሎረል ሴሪስ ነች፤ በዩሲኤልኤ የዶክትሬት ተማሪ ነበረች። ሥራው ወጥመድ ማጥመድ፣ ድመቱን ማደንዘዝ፣ ደም መቅዳት፣ አንገቱ ላይ መከታተያ ማሰርና መልቀቅ ነው። ሞቶ የተገኘ ሲኖር ደግሞ ጉበቱን መውሰድ። ከፓርኩ ሰዎች ጋር የ16 ዓመት ናሙና አንድ ላይ አድርጋ የሠራችው ጥናት በ2015 ታተመ። ውጤቱን ሳነብ ደጋግሜ ያየሁት ሁለት ቁጥር አለ። ከደም ናሙናዎቹ መርዙ የተገኘባቸው 39 በመቶ ናቸው። ከጉበት ናሙናዎቹ ግን 89 በመቶ።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። አንድ ተማሪ ደም ብቻ መርምሮ ቢሆን ኖሮ «ከአምስት ድመት ሁለቱ መርዝ ነክቶታል» ብሎ ይጽፍ ነበር። ቁጥሩ ስሕተት የለበትም፤ ግን የሚያሳስት ነው። መርዙ በደም ውስጥ የሚታየው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ከዚያ ጉበት ውስጥ ገብቶ ይከማቻል። ደም የሰሞኑን ይናገራል፤ ጉበት የወራቱን ይዞ ይቀመጣል። እርግጥ የጉበት ናሙና የሚወሰደው ከሞተ እንስሳ ስለሆነ ሁለቱን ቁጥሮች እንደ አንድ ፈተና ሁለት መልስ ማየት አይቻልም፤ የሞቱት በሕይወት ካሉት ይልቅ የታመሙ ሊሆኑ ይችላሉ። ቢሆንም በሕይወት ካለ እንስሳ ደም ተወስዶ «የለበትም» ሲባል ምን ያህል እንደሚታመን ያሳያል። እኛም ወረቀት ላይ «ኔጌቲቭ» የሚል ስናይ «ከየት የተወሰደ ናሙና ነው? መቼ?» ብለን እንድንጠይቅ ነው የሚያስተምሩን። እኔ ይህ ትምህርት የገባኝ ከመጽሐፉ ሳይሆን ከድመቶቹ ነው።

በጥናቱ ሌላ ልቤን የነካው ነገር አለ፤ መርዙ በእናት ማኅፀን ውስጥ ባሉ ፅንሶችም ተገኝቷል። ግልገሉ ገና አንድም አይጥ ሳይበላ። ዋርፋሪንም እንግዴ ልጅን አልፎ ወደ ፅንስ ይገባል፤ ስለዚህ ዋርፋሪን የምትወስድ ሴት ለማርገዝ ካሰበች ወይም ካረገዘች ቶሎ ለሐኪሟ መንገር አለባት። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ያላቸው ወጣት ሴቶች በማኅበረሰባችን ስላሉ ነው ይህን የምጽፈው፤ አፍረው የሚደብቁትን አውቃለሁ። ክኒኑን በራስ ፈቃድ ማቆምም ሌላ አደጋ ነው፤ እማማን ያስታውሷል።

ወደ እከኩ ስንመለስ፣ መርዙ ራሱ እከክ አያመጣም። እከክ የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ተባይ ነው። ነገር ግን መርዙ በብዛት የተገኘባቸው ድመቶች እከኩ የጠናባቸው ሆኑ። ይህ ብቻውን ምክንያትና ውጤት መሆኑን አያረጋግጥም፤ ምናልባት የታመመ ድመት ሮጦ መያዝ ሲያቅተው ወደ ሰው ቤት ተጠግቶ የደከሙ አይጦችን ይበላ ይሆናል፤ መርዙም ከበሽታው በኋላ የመጣ ይሆናል። ስለዚህ በሕይወት ያሉና እከክ የሌለባቸውን ድመቶች ደም መረመሩ። በ2018 የታተሙ ሁለት ሥራዎች አሉ። በሴሪስ ጥናት መርዝ የነካቸው ድመቶች በሽታ የመከላከል ሥርዓታቸው ተዛብቷል፤ ከፊሉ ያለ ምክንያት ተነሥቷል፣ ከፊሉ ተዳክሟል። ሌላዋ የዩሲኤልኤ የዶክትሬት ተማሪ ዴቨን ፍሬዘር ደግሞ የጂኖቻቸውን ሥራ ተመለከተች፤ ቆዳን የሚጠግኑና የሚጠብቁ ጂኖች ሥራቸው ቀንሶ አገኘችው። ቆዳው የማይጠገን ድመት ላይ የእከክ ተባይ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን መገመት ከባድ አይደለም። ድመቱ አልደማም፤ ግን መርዙ አልተወውም።

ፒ-22ን የማያውቅ የሎስ አንጀለስ ልጅ ያለ አይመስለኝም፤ በግሪፍት ፓርክ ብቻውን የኖረው የተራራ አንበሳ ነው። በ2014 በእከክ ፊቱ ተበላሽቶ ሲያዝ ደሙ ውስጥ የአይጥ መርዝ ተገኘ። የእከክ መድኃኒት አደረጉለት፤ ቫይታሚን ኬም በመርፌ ሰጡት። ይህንን ሳነብ ፈገግ አልኩ፤ እኛም በማዋለጃ ክፍል ለአዲስ ለተወለዱ ሕፃናት ጭናቸው ላይ የምንወጋው ያንኑ ቫይታሚን ኬ ነው። ሕፃን ሲወለድ ሲኒው ጥቂት ነው፤ መርፌው ሲኒ ይጨምርለታል። «ለልጄ መርፌ አልፈልግም» የምትል እናት ስታጋጥማችሁ ንገሯት፤ የሚከላከለው የአንጎል መድማትን ጭምር ነው። ፒ-22 ያን ጊዜ ድኖ እስከ ታኅሣሥ 2022 ኖረ፤ በዚያ ወር በእርጅና፣ በበሽታና በአደጋ ተጎድቶ ስለነበር ሐኪሞች እንዲያርፍ አደረጉት።

«ይህ የአሜሪካ ቅንጦት ነው፤ አገር ቤት ስለ ድመት መርዝ የሚያጠና ማን አለ?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። እኔም እንደዚያ አስቤ ነበር። ያሬድ በየነ ዮሐንስ የሚባል ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ በጃፓን ሆካይዶ ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቹ ጋር የስምጥ ሸለቆን ወፎችና ዓሦች መርምሯል። በ2014 በታተመው ሥራ 4 የወፍና 5 የዓሣ ዝርያዎች ሥጋ ተመርምሮ ከፀረ ተባይ ኬሚካሎች ሁሉ ዲዲቲ በዝቶ ተገኘ፤ በተለይም ዲዲቲ ሲፈራርስ የሚቀረው ዲዲኢ የሚባለው። ዓሣ በሚበሉት ወፎች ውስጥ ያለው መጠን ከዓሦቹ በብዙ ይበልጣል። ዲዲቲ ደግሞ የመጣው ከክፋት አይደለም፤ ለወባ ትንኝ ነው በየቤቱ ግድግዳ የተረጨው፤ ስንት ልጅ እንዳተረፈ እማማ ይመሰክራሉ። እዚህ እኛ የባሕር ዳርቻ አካባቢ ደግሞ ያው ዲዲኢ የፔሊካንን እንቁላል ቅርፊት አሳስቶ፣ በ1970 በአናካፓ ደሴት ከ500 በላይ ጎጆ አንድ ጫጩት ብቻ እስኪቀር አድርሶ ነበር። የእኛ ወፎች ዲዲቲ በስብ ውስጥ ይቀመጣል፤ የድመቶቹ መርዝ በጉበት። ሁለቱም ለአንድ ተባይ ታስበው፣ ያልታሰበለት አካል ውስጥ ገብተው ተገኙ።

እዚህ ካሊፎርኒያ ጥናቶቹ ሕግ ወልደዋል። ከ2014 ጀምሮ ሁለተኛ ትውልድ መርዞች በተራ ሱቅ ለማንም እንዳይሸጡ ተደረገ። ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ ከጥቂት ለየት ያሉ ጉዳዮች በቀር መጠቀማቸውም ተከለከለ፤ በኋላም ሌሎቹ፣ ዋርፋሪን ጭምር፣ በአይጥ መርዝነታቸው እገዳ ተጨመረባቸው። አያቴ ክኒናቸውን ይዋጣሉ፤ አይጧ ግን በካሊፎርኒያ ዋርፋሪን እንደ ልብ አታገኝም። ይህንን ስነግራቸው እማማ በደንብ ሳቁ።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስና ሁለት ነገር ልበል። አንደኛው ስለ ጎመን ነው። ጎመን በቫይታሚን ኬ የበለጸገ ነው፤ በምሳሌያችን መሠረት አዲስ ሲኒ ከሱቅ ማምጣት ማለት ነው። ባለፈው ዓቢይ ጾም እኔ ራሴ ከኮሌጅ ስወጣ ሰባት ቁጥሩን አውቶቡስ በፒኮ ይዤ ፌርፋክስ እየወረድኩ ጎመን እገዛላቸው ነበር፤ እማማ በየቀኑ በሉ፤ አይ ኤን አራቸው 1.7 ወረደ። ለፋሲካ ጎመኑ ቀርቶ ዶሮ ወጥ ሲመጣ ደግሞ ወደ ላይ ወጣ። ክሊኒኩ «ምግብ ቀይረዋል?» ብሎ ሲጠይቅ እናቴ «ኧረ ምንም» አለች፤ ጾም ለእኛ ምግብ መቀየር አይመስለንማ። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ጎመን አይብላ አይባልም። በየሳምንቱ በተቀራራቢ መጠን ይብላ፤ ጾም ሲገባና ሲወጣ ደግሞ አስቀድሞ ለክሊኒኩ ይንገር፤ ምርመራውን ሊያቀራርቡለት፣ መጠኑንም ሊያስተካክሉለት ይችላሉ። ለራስ ምታት ብሎ አስፒሪን ወይም አይቡፕሮፌን ከመዋጥ በፊትም ይጠይቅ።

ሁለተኛው ስለ ጋራዣችን። የጤፍ ከረጢት መሬት ላይ የሚያስቀምጥ ቤት አይጥ አያጣውም። ጤፉን ክዳኑ በሚገጥም ቆርቆሮ ወይም ወፍራም ፕላስቲክ ውስጥ አድርጉት። የጣት ውፍረት ያለው ቀዳዳ ለአይጥ በር ነው፤ በብረት ሱፍ ድፈኑት። ለቀሩት ተራ ወጥመድ ይበቃል። ድሮ የተገዛ የመርዝ ሳጥን ካላችሁ ወደ ቆሻሻ ቅርጫት አትጣሉት፤ ከተማው አደገኛ ቆሻሻ ወደሚቀበልበት ቦታ ውሰዱት። ሕፃን ቢበላው ደግሞ ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ፤ አቦሉ እስኪያልቅ ደህና ይመስላልና። ሰው ከወደቀ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም መተንፈስ ካቃተው 911፤ ካልሆነ የመርዝ ማዕከሉ ቁጥር 1-800-222-1222 ነው፤ ሌሊትም ይሠራል፣ አስተርጓሚም መጠየቅ ይቻላል። እኛ ማቀዝቀዣው በር ላይ፣ ከእማማ የክሊኒክ ቀጠሮ አጠገብ ለጥፈነዋል። የሚቀጥለው ቀጠሯቸው ኅዳር ውስጥ፣ የነቢያት ጾም በገባ በሳምንቱ ነው።